እማሆይ አፏን እስክትፈታ

ልጅ እያለሁ ባስ የሚባል ነገር በሆድ እንጂ በጆሮ የሚሰማ አይመስለኝም ነበር። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የቀበሌያችን አዳራሽ ከቤታችን ጀርባ ነበረች፤ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። የኪነት ቡድኑ ልምምድ ሲጀምር እሄድና ግድግዳውን በሆዴ ተደግፌ እቆማለሁ። ከበሮውንና ማሲንቆውንማ መንገደኛውም ይሰማዋል። እኔ የምጠብቀው ያንን ከሥር የሚመጣውን፣ እምብርቴ አካባቢ ደርሶ ዱም የሚለውን ነው። እሱ ሲመጣ እግሬ ሳላዘው ይነሳል፣ ጣቶቼ ግድግዳውን ይደበድባሉ። ቤት ገብቼም አላርፍም፤ ሞሰቡን፣ ሳጥኑን፣ የበሩን መቃን ስመታ እውላለሁ። እናቴ «ይርጋ ብዬ ስም ያወጣሁልህ እንድትረጋ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ረግተህ አታውቅ!» ትለኝ ነበር።

ያ ድምፅ የሚወጣው ከባስ ክራር ነው። ያላየ ካለ፣ ባስ ክራር ማለት ያው ክራር ነው፤ ግን ሆዷ የሰፋ፣ ጅማቷ የወፈረ፣ ቆማ ደረቴ ድረስ የምትደርስ። ባለቤቷ አያ ታከለ ልብስ ሰፊ ነበር። ሜትሩን ካንገቱ ሳያወርድ ነው ልምምድ የሚመጣው። ክራሯን እኔ ሳልወለድ እሱ ራሱ ከዋንዛ ፈልፍሎ፣ የጥጃ ቆዳ ወጥሮ ሠርቷታል። ቆዳዋ ከዘመን ብዛት ጠቁሮ፣ እሷም ሁልጊዜ ከኋላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለምትቀመጥ ስሟን እማሆይ ብሏታል። «እማሆይን አቀብለኝ»፣ «እማሆይን ፀሐይ እንዳያገኛት» ሲል የሰማ እንግዳ መነኩሴ ፍለጋ ዞር ዞር ይላል።

አያ ታከለ ዝምተኛ ነበር፤ የባስ ነገር ከተነሳ ግን መርፌውን ሸማው ላይ ሰክቶ ማውራት ነው። ለጨዋታ ሲጠራ ከሁሉም ቀድሞ ይደርሳል። ሳይጫወት እህል አይቀምስም፤ «የጠገበ ባስ ያንቀላፋል» ይላል። ሰው ፊት ክራር አይቃኝም፤ ለእሱ ይህ ሰው ፊት ሱሪ እንደ መታጠቅ ነበር። መንገድ ሲሄዱ እማሆይን ከዕቃ ጋር አይጭናትም፤ በጋቢ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ነው። አዲስ ክራር ያሠራ ወጣት ሊያሳየው ሲመጣ ጅማቱን አንዴ መታ አድርጎ ያዳምጥና ይመልስለታል። «ጥሩ ናት። አፏን ገና አልፈታችም» ይላል። የሰው ልጅ በሁለት ዓመቱ አፉን ይፈታል፤ ክራር ግን በእሱ አነጋገር ቆዳዋና እንጨቷ እስኪተዋወቁ ዘመን ትፈልጋለች።

ግድግዳ ስደበድብ ያገኘኝም እሱ ነው። «አንተ ልጅ፣ ከውጭ ሆነህ አዳራሹን ከምታፈርሰው ግባ» አለኝ። የመቀስ እጁ አውራ ጣት ያን ጊዜ መታጠፍ እምቢ ማለት ጀምሮ ነበርና፣ ሲያመው እኔ እየተቀበልኩት ለመድኩ። ዓመት ሳይሞላ ዘፈኖቹን ሁሉ አወቅኳቸው።

ወሬው ቤት ሲደርስ ግን ተጣመመ። አንዷ ጎረቤት እናቴን «ይርጋ እኮ ባስ ሆነ አሉ» አለቻት። እናቴ ባስ የሚባለውን ከየት ታውቀዋለች? «ልጄን ምን ባሰው? ኧረ የባሰ አታምጣ!» ብላ እየሮጠች መጥታ ግንባሬን ዳሰሰችኝ። አባቴ መሪጌታ ነው፤ ቃል ካገኘ አይለቅም። ሳምንቱን ሙሉ «እንዴት አደርክ ይርጋ፣ ባሰህ ወይስ ተሻለህ?» እያለ ቀለደብኝ። እኔ ግን ከሳቁ ኋላ «ተው» የሚለው ቃል ይመጣል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። የመሪጌታ ልጅ ክራር መታ ማለት ያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን አስቀመጠኝና ያ ነገር ምን እንደሚሠራ ጠየቀኝ። እንደማይዘፍን፣ ከዘፈኑ ሥር ሥር እንደሚሄድ ነገርኩት። ጢሙን ሲያሻሽ ቆየና «ዕዝል ነዋ» አለ። ዕዝል ከቤተ ክርስቲያን ዜማዎች አንዱ ነው፤ የረጋ፣ ከበድ ያለ። «ስሙም ከማዘል ነው፣ ልጄ። የታዘለው ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ ይንጫጫል። ያዘለው ዝም ብሎ ይራመዳል። ዝም ብለህ መራመድ ከቻልክ ተጫወት» አለኝ። ዝም ብዬ መራመድ! ያንን እየነገረኝ እንኳ በጣቴ በርጩማውን እየመታሁ ነበር።

በዚህ መካከል ለቡድኑ የድምፅ ማጉያ መጣ። የእንጨት ሳጥን ነው፤ ሁለት የጃክ ቀዳዳ አለው። ሞንታርቦውም የቁም ሳጥን ያህላል። አንዱ ቀዳዳ ለዘፋኟ ማይክ ሆነ። ሲከፈት ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ኋላ ግን እንደ ልማዴ ወደ ውጭ ወጥቼ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ሆዴ ውስጥ ምንም የለም። እማሆይ ተውጣለች። አያ ታከለ ሲመታ በመስኮቱ ይታየኛል፤ እጁ ይሄዳል፣ ድምፁ የለም። ያኔ አንድ ጭንቀት ገባኝ፤ ምክንያቱም በሳምንቱ ደብረ ኤልያስ ገበያ ላይ ልንጫወት ነበር፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዘፈኖች ደግሞ አያ ታከለ ለእኔ ሰጥቶኛል። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ሕዝብ ፊት ቆሜ አንድም ሰው ላይሰማኝ!

የቀበሌው ሊቀ መንበርም ሁለተኛው ቀዳዳ ባዶ መሆኑ ከንክኖታል። «ጓድ ታከለ፣ ጊዜው የሞንታርቦ ነው! ለክራርህ ማይክ አስገባላት» አለው። አያ ታከለ ክር በምላሱ እያረጠበ «ሞንታርቦ ድምፅ ያበዛል እንጂ አይወልድም። ደግሞስ ሆዱ ተከፍቶ የሚናገር የት አለ?» አለ። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። እኔ ዘንድ ግን አልተዘጋም።

ከጉዞው ሁለት ቀን አስቀድሞ አያ ታከለ ለቅሶ ሊደርስ ሄደና ሱቁን እንድጠብቅ ተወኝ። ከተጣለ ስልክ ላይ የተነቀለ፣ ጆሮ ላይ የሚደረገው ክፍል ነበረኝ። ማጉያ ላይ ሰክተው ከተናገሩበት እንደ ማይክ እንደሚሠራ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ አሳይቶኛል፤ ሽቦና ጃክም ገጥሞልኛል። የቀረው የት ይግባ ነው። ለእኔ መልሱ ግልጽ ነበር። ባስ የሚሰማው በሆድ ነው፤ ስለዚህ ማይኩ ሆዷ ውስጥ መግባት አለበት። ፊቷ ላይ ብለጥፈው ኖሮ ምንም ባልሆነች ነበር። ያን ሊያስብ የሚችል ጭንቅላት ግን አልነበረኝም።

ቆዳውን ከጀርባዋ የያዘውን ጠፍር ፈታሁ። ያን ያህል ዘመን ተወጥሮ የኖረው ቆዳ ሲላላ «እህ» የሚል ድምፅ አወጣ። ዛሬም ይሰማኛል። ማይኩን አስገብቼ፣ የሽቦውን ጫፍ ከኋላ ሸጉጬ መልሼ ጠፈርኳት። ላላ። አያ ታከለ ቆዳ አርጥቦ ሲወጥር አይቻለሁና አራስኩት። እሱ ግን በጥላ ነው የሚያደርቀው፣ ቀናት ቆጥሮ። እኔ ደግሞ ከለቅሶ እስኪመለስ ነው ያለኝ። ፀሐይ ላይ አወጣኋት። ቆዳው በአንድ ወገን ተሰበሰበ፣ በሌላው ተንዘላዘለ፣ ጠርዙ ላይ ጥፍር የምታህል ስንጥቅ አወጣ። ጅማቱን ብመታው የጣሳ ድምፅ። እንደገና ብመታው ያው ጣሳ ነው። በጋቢዋ ጠቅልዬ ሰቀልኳት፤ እሱ ሲመጣም «ደህና ዋልክ?» ብዬ ተቀበልኩት።

ወደ ደብረ ኤልያስ በጭነት መኪና ስንሄድ እንደ ልማዱ ጭኑ ላይ ታቅፏት ነበር። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር «አይዞሽ» ይላታል። እኔ በተቀመጥኩበት ይነድደኛል። ልናገር እልና ሌላው ይዘፍናል፤ ልዘል አስብና መኪናው ይፈጥናል። ገበያው ዳር ስንደርስ ሊቃኛት ከመኪናው ኋላ ዞረ። ተከተልኩት። አንድ ጊዜ መታት። ጆሮውን አስጠጋ። አገላበጣት። ከጀርባዋ ሽቦው እንደ አይጥ ጅራት ወጥቷል።

«ይሄ ጅራት ደግሞ ምንድን ነው?»

«ማይክ ነው፣ አያ ታከለ።»

«የት ነው የገባው?»

«ሆዷ ውስጥ።»

መዳፉን ቆዳዋ ላይ አድርጎ ቆየ፣ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚዳሰስ። ሊቀ መንበሩ «ጓድ ታከለ፣ ሕዝቡ ቆሞ ይጠብቃል! ምን ሆናችሁ?» እያለ መጣ። አለቀልኝ አልኩ። አያ ታከለ ግን «ምንም። መንገድ ላይ ብርድ መታት» አለ። ሊቀ መንበሩ ሲመለስ እማሆይን ወደ እኔ ዘረጋት። «እኔ ይቺን አላውቃትም። የምታውቃት አንተ ነህ። ያዝ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።»

ጃኩን ሁለተኛው ቀዳዳ ውስጥ ሰካሁ። ከሞንታርቦው የወጣውን ጩኸት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ፉጨትም ሲቃም ነው። ገበያው ዳር የታሰሩት በቅሎዎች ካስማቸውን ነቅለው ሮጡ፤ አንዲቱ ድስትና እንስራ መሐል ገባች። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን አንስተው «እናንተ፣ ዘፋኝ መጣ ሲሉን ጅብ ነው እንዴ ያመጣችሁት! በቅሎዬን አምጡ!» ብለው ጮኹ፣ ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ። ሊቀ መንበሩ ሮጦ ጃኩን ነቀለው። ከዚያ በኋላ የዘፋኟ ማይክ ብቻ ሆነ፤ እኔም ከነጣሳዬ ቀረሁ።

ከበሮው ጀመረ። መታሁ፣ ምንም የለም። ጠንክሬ መታሁ፣ አውራ ጣቴ ተላጠ፣ ምንም የለም። ሕዝቡ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ላቋርጥና በገበያው መሐል ልጠፋ እግሬን ሳነሳ፣ ከኋላዬ ዱም አለ። እምብርቴ ላይ። ዞር ብል አያ ታከለ የጄኔሬተሩን ባዶ የነዳጅ በርሜል አንከባሎ አምጥቶ፣ አጠገቡ ተንበርክኮ በመዳፉ ሥር ይመታዋል። በታመመው እጁ። እኔ ጅማት በመታሁ ቁጥር እሱ ከሥር ዱም ይላል፤ ብፈጥን ይፈጥናል፣ ብሳሳት ተሳስቶ ይጠብቀኛል። እኔን አያይም፣ የሰዉን እግር ነው የሚያየው። መጀመሪያ አንዲት ነጠላዋን ያሸረጠች ሴት ወጣች፣ ከዚያ ሁለት ጎረምሶች፣ ከዚያ ትከሻ ሁሉ ተነሳ። እስክናበቃ አልቆመም።

ሲያበቃ ሰው ከበበኝ። «ይሄ ልጅ ባሱን አናገረው!» እያሉ ጭንቅላቴን ዳበሱኝ። አንዱ ከኪሱ ሽምብራ አውጥቶ በመዳፌ አፈሰሰልኝ። አያ ታከለ በዚያ ወገን በርሜሉን ወደ ቦታው እየመለሰ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር፤ አልተናገርኩም። ሽምብራውን በላሁ።

ሳምንት ሙሉ በሱቁ በኩል ማለፍ ፈራሁ። በመጨረሻ ራሱ ጠራኝ። የጥጃ ቆዳ አስቀምጧል። አብረን ዘፈዘፍነው፣ ፀጉሩን ፋቅነው፣ እርጥቡን ወጠርነው፣ ጥላ ውስጥ ሰቀልነው። «ሳብ»፣ «ላላ አድርግ»፣ «ተው አትቸኩል» ከሚለው በቀር ስለዚያ ቀን ትንፍሽ አላለም። በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ሲደርቅ ጅማቷን አስረን አንዴ መታት፣ ጥሩ ድምፅ ነው፣ ግን ባዶ ነው። ግድግዳው ላይ ሰቀላትና «እንግዲህ ይቺ አፏን እስክትፈታ ሃያ ዓመት ነው። እኔ አልሰማትም፤ አንተ ትሰማታለህ» አለ። ተቆጥቶ አይደለም። የጨርቅ ልክ እንደሚነግር ሰው ነው የተናገረው። ከዚያ መርፌውን አነሳ።

እንዳለውም ሆነ። ጣቱ ሲከፋበት እማሆይን ለእኔ ሰጠኝ፣ እሱም ጥቂት ዓመት ቆይቶ አረፈ። እኔ ትምህርቱን ትቼ በየሠርጉ ይዣት ዞርኩ። ቀን አልቆጠርኩም፤ በመታኋት ቁጥር ግን አዳምጣት ነበር። አንድ የጥር እሑድ ደጀን ሠርግ ላይ፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ፣ ሳላስበው ዱም አለች። የድሮው ነው። እጄ ቆመ። ከበሮ መቺው «ምን ሆንክ ይርጋ? ምታ እንጂ!» ይለኛል። እኔ ድንኳኑን በዓይኔ እዞራለሁ፣ የምነግረው ሰው ፍለጋ። ያ ሁሉ ሰው ሞልቶ አንድም አልነበረም።

ዛሬ የጎረቤቴ ልጅ ኤፍሬም ባስ ጊታር ይጫወታል። ከጓደኞቹ ጋር ደጃፌ ተቀምጠው ሲከራከሩ እሰማቸዋለሁ፤ አንዱ የድሮ ጊታር ይሻላል ይላል፣ አንዱ ሞንታርቦው ትልቅ ካልሆነ ዋጋ የለውም ይላል፣ አንዱ ደግሞ ያለ ሞንታርቦ በቀጥታ ሚክሰር ላይ መሰካት ነው ይላል። ደስ ይሉኛል። ባለፈው ኤፍሬም አንድ ትንሽ ሳጥን አመጣና «አባባ፣ ይሄ የድሮ ድምፅ የሚሰጥ ነው። በእግር ይረገጣል» አለኝ። «የድሮውንማ ስትረግጡት ኖራችሁ» አልኩት፣ ሳቅን። ረገጠው። እውነትም የድሮ ድምፅ ሰጠ። አልቀናሁም። እኛ ዘመን የፈጀብንን እነሱ በእግር ጫፍ ካገኙት እሰየው ነው፤ ቢያጠፉም መልሰው ይረግጡታል፣ የሰው ዕድሜ አይበሉም።

እማሆይን ግን ባለፈው ክረምት እርጥበት አገኛትና ቆዳዋ ከዳር እስከ ዳር ተቀደደ። አዲስ ወጠርኩላት፤ በጥላ አደረቅኩት፣ ሳልቸኩል። ኤፍሬም እንጨቱን ይዞልኝ ነበር። «መቼ ነው የሚደርሰው፣ አባባ?» ሲለኝ «አፏን እስክትፈታ ሃያ ዓመት ነው» አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ የራሱን ዕድሜ ሲያሰላ ገባኝ። የእኔን አላሰላም፤ ወይም አስልቶ ዝም አለ። ጠዋት ጠዋት ከግድግዳው አውርጄ አንዴ እመታታለሁ። ገና ናት።