ዜሮዋን የጨመርሁባት እኔ ነኝ

ታናሽ እህቴ ለሥራ ዐረብ አገር ልትሄድ ስትል አባባ የቤታችንን ስልክ ቁጥር በገዛ እጃቸው ጻፉላት። መሪጌታ ናቸውና በግዕዝ ቁጥር፣ በመቃ ብዕር፣ ከቁራጭ ብራና ላይ። ግዕዝ ደግሞ ዜሮ የለውም፤ ስለዚህ ከ፶፰ ጀመሩ።

«ኧረ አባባ! የባሕር ዳር ኮድ ዜሮ አምሳ ስምንት ነው። ያለ ዜሮ እዚሁ ጎረቤት ከመሸንቲ እንኳ አይጠራልዎትም» ብዬ ሳቅሁባቸው።

«እንግዲህ የተማርሽው አንቺ ነሽ» ብለው ተዉት።

ብራናውን መሳቢያ ውስጥ ወርውሬ የቤቱንም የእኔን ሞባይልም በወረቀት ጻፍሁላት። መጀመሪያ 251፣ ከዚያ ዜሮዋ ሳትቀር ሙሉውን። አወቅሁ ባይ!

ኋላ እንደሰማሁት ገና እንደደረሰች አሠሪዋ ሞባይሏን ቀማቻት። የቀራት ያ ወረቀት ብቻ ነበር። እኛ ምን እናውቃለን? ስንደውልላት ዝግ ነው። አባባ ከቅዳሴ መልስ ስልኩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ እጀታውን አንሥተው መስመር መኖሩን ያዳምጡና ይመልሱታል። በጀልባ እየተሻገሩ ሐይቁ ደሴት ላይ ዜማ ማስተማሩንም ተዉት፣ «ጀልባ ላይ ሳለሁ ብትደውልስ?» እያሉ። አምስት ወር እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን «ልጄ ጨከነችብኝ» ሲሉ ሰማኋቸው። ይቺ ቃል እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። ብዙም ሳይቆዩ ታመው አረፉ።

አርባቸው በወጣ በሳምንቱ ስልኩ ጮኸ። እህቴ ናት።

«በእመቤቲቱ ቤት ስልክ ተደብቄ ስሞክር፣ ስሞክር፣ ቁጥሩ የለም ይለኛል። ዛሬ አንዲት ያገር ልጅ አግኝቼ፣ ‹ከውጭ ሲደወል እኮ 251 ካልሽ ዜሮዋ ትቀራለች› አትለኝም? በይ ቶሎ አባባን አቅርቢልኝ፤ እመቤቲቱ ሳትመጣ።»

251 ብቻ ከፊቱ ቢጨመርበት አባባ የጻፉት ልክ ነበር።

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚደግፍ ሰው ግራና ቀኝ ተቀምጦ ነው።

«አጠገብሽ ሰው አለ?» አልኋት።

«ማን ይኖራል? ብቻዬን ነኝ።»

«ቅዳሴ ሄደዋል» አልሁ።

«እንግዲያ ነገ በዚህ ሰዓት እደውላለሁ። የትም እንዳይወጡ ንገሪያቸው፣ እቴቴ።»

«እሺ» አልኋት።