የእማማ አዋላጅ አርባ አንድ ገጾች

ሰፈሩ ሁሉ «መትረየስ» ይላታል። እናቷ ያወጣችላት ስም አላት፤ ግን ከመታወቂያዋ ውጭ የትም አያገለግላትም። በሠላሳ ዓመት የጽሕፈት ሥራ ያተረፈችው ይህን ቅጽል ስም፣ ጎበጥ ያለ ጀርባና አንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ክፍሏ በልብስ ሰፊና በፎቶ ቤት መካከል የተሸጎጠች ስለሆነች ደንበኛ ሁለት ከሆነ አንዱ በር ላይ ይቆማል። ማመልከቻ፣ ውል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የፍቺ ወረቀት፣ ምን ያልጻፈችው አለ! እጇ ቁልፎቹ ላይ ሲወርድ ልብስ ሰፊው ግድግዳውን እየደበደበ «ኧረ ተኩስ አቁሚ!» ይላታል።

አንድ አመል አላት። በወጣትነቷ መብራት ሄዶ የአንድ ተማሪ ስልሳ ገጽ ጥናት ድራሹ ጠፍቶባታል። ከዚያ ወዲህ ዓረፍተ ነገር በጨረሰች ቁጥር ሴቭ ታደርጋለች። ማታ ክፍሏን ስትዘጋ ደግሞ ፋይሉን በአንገቷ ወዳንጠለጠለችው ፍላሽ ትገለብጣለች፤ የትናንቱን አጥፍታ የዛሬውን ትተካለች። እንዲህ ያለች ጠንቃቃ ሴት ነገር ይበላሽባታል ብሎ የሚጠረጥር የለም። እሷም አልጠረጠረችም።

አንድ ቀን እማማ አዋላጅ መጡ። በክሊኒኩ አርባ ዓመት ያዋለዱ፣ የሰፈሩን ግማሽ በእጃቸው የተቀበሉ ሴት ናቸው። በሩን ዘግተው ተቀመጡና ለማንም ያልተነፈሱትን ነገሯት። በዚያ በክፉው ዘመን ማሳደግ ያቃታቸው አርባ አንድ እናቶች የወለዷቸውን ልጆች ለእሳቸው ትተው ሄደዋል። እሳቸውም ልጅ ላጡ ቤተሰቦች አንድ በአንድ ሰጥተዋቸዋል። ማን ከማን እንደተወለደ፣ እናቲቱ ወዴት እንደሄደች፣ ከልጇ ስትለይ ምን እንዳለች፣ ከእሳቸው ጭንቅላት በቀር የትም አልተጻፈም።

«ዓይኔ ደክሟል፣ እጄም ይንቀጠቀጣል። እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ጻፊ» አሉ። «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ። ሁሉም ሲያልቅ በፖስታ ታሽጎ ለየባለቤቱ ይሰጣል። እስከዚያ ግን አንድም ወረቀት እንዳላይ። ከማይሆን ሰው እጅ ቢገባ ስንቱ ቤት ይታመሳል!»

«በእኔ ይሁንብዎ፣ እማማ።»

እማማ በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት እየመጡ ይናገራሉ፤ መትረየስ ትጽፋለች። ኮምፒውተሯ ግን አርጅቶ ነበር። ፊደሉ ከተመታ በኋላ እያሰበ እያሰላሰለ ነው ስክሪኑ ላይ የሚወጣው። እማማ ደግሞ ከሳምንት ሳምንት እየደከሙ ሄዱ፤ የክፍሏን ደረጃ ሲወጡ ሁለቴ ይቆማሉ። ሠላሳኛው ልጅ ላይ ሲደርሱ መትረየስ ሳይጨርሱት ቢቀሩስ ብላ ሰጋች።

ታናሽ ወንድሟ የሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ሽቦ ያለበትን ነገር ሁሉ አውቃለሁ ባይ።

«እትዬ፣ ራም ነው ያነሰው። ጨምሪለት፣ ይበርልሻል» አለና መሥሪያ ቤቱ ከጣለው ኮምፒውተር ላይ አንዲት ራም፣ ጣት የምታህል የማስታወሻ ካርድ፣ ነቅሎ አመጣላት።

«ለዚህኛው ትሆናለች?»

«ገባች እኮ! ባትሆን መች ትገባ ነበር?»

እውነትም ቀጭ ብላ ገባች። ኮምፒውተሩ ሦስቴ ጮኾ ጠፋ፤ በሁለተኛው ሙከራ ተነሣ። ለአንድ ሰዓት ያህል በረረ። መትረየስም ወንድሟን መረቀች። ከዚያ እማማ «ልጅቷ እያለቀሰች...» ሲሉ ስክሪኑ ድንገት ሰማያዊ ሆነ፤ ነጫጭ ጽሑፍ ደረደረና ድርግም አለ።

ወንድምየው እጅ የሚሰጥ ዓይነት አይደለም። ራሟን ነቅሎ ወርቃማ ጠርዟን በላጲስ ፈገፈገ። የአሮጌዋንና የአዲሷን ቦታ አቀያየረ። አቧራውን እፍ አለ። ማራገቢያውን ቀየረ። ቫይረስ ነው ብሎም ማጥፊያ ጫነ። አንድ ነገር በነካ ቁጥር ኮምፒውተሩ ለግማሽ ቀን ይሠራል፣ እሱም «አላልኩሽም!» ብሎ ይኮራል፤ ከሰዓት በኋላ ሰማያዊው ተመልሶ ይመጣል። ሁሉን ጠረጠረ፤ ራሱ ያመጣትን ራም ግን አንዴም አልጠረጠረም። ስጦታ እንዴት ይጠረጠራል!

ልብስ ሰፊው «አንቺ ሴትዮ፣ ለምን ጥገና ቤት አትወስጂውም?» ቢላት አሻፈረኝ አለች። ጥገና ቤት ከገባ ሰው ይከፍተዋል፤ ከተከፈተ ይነበባል። ቃሏን ሰጥታለች። ስለዚህ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሰማያዊው በመጣ ቁጥር እያጠፋች፣ እያበራች፣ እግዜሩን እየለመነች ጻፈች። ፍርሃቷ ሲብስ በየሐረጉ ሴቭ ማድረግ ጀመረች። ጠዋት ፋይሉን ስትከፍት በቀጥታ ወደ መጨረሻው ገጽ ነው የምትሄደው፤ የቀደሙትን ገጾች የምታይበት ጊዜ አልነበራትም። ማታም እንደ ልማዷ ወደ ፍላሿ ትገለብጣለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አርባ አንደኛው ልጅ አለቀ። እማማ ተነሥተው ግንባሯን ሳሟት።

«እንግዲህ አትሚው። ልጆቹን ወደ አንቺ እንዲመጡ ልኬባቸዋለሁ» አሉ። ሸክም የወረደለት ሰው እርምጃ ነበር አወጣጣቸው።

በማግስቱ ለማተም ፋይሉን ስትከፍት ከላይ እስከ ታች ባዶ ሳጥንና የጥያቄ ምልክት ሆኖ አገኘችው። ዘግታ ከፈተችው። ሁለተኛ ዘግታ ስትከፍተው ጭራሽ አልከፈትም አለ። ፍላሿን ሰካች፤ ያው ነው። ያን የሸሸችውን ጥገና ቤት ኮምፒውተሩን ታቅፋ እየሮጠች ገባችበት።

ጠጋኙ ረጋ ያለ ሰው ነው። ራሞቹን መጀመሪያ ለየብቻ፣ ቀጥሎ አንድ ላይ አድርጎ ሞከራቸው።

«እትዬ፣ አዲሷም ጤነኛ ናት፣ አሮጌዋም ጤነኛ ናት» አላት። «አብረው ግን አይሠሩም። ፍጥነታቸው ይለያያል። ማን አንድ ላይ ሰካቸው?»

«ፋይሌስ?»

«የሚጽፉት ሁሉ ዲስኩ ጋ ከመድረሱ በፊት በራም በኩል ነው የሚያልፈው። ሲያልፍ ይበላሽ ነበር። ሴቭ ባደረጉ ቁጥር የተበላሸውን በደህናው ላይ ጻፉበት።»

«ባላደርግስ ኖሮ?»

ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። «የበፊቱ ይተርፍ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

ሁለት ቀን ታገለ። ካርባ አንዱ ገጽ ያተረፈላት ባለቤት የሌላቸው ጥቂት የትውልድ ቀኖችና ብዙ ቦታ ላይ የተበተነ «ከዚያም» የሚል ቃል ብቻ ነበር። መትረየስ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ስታለቅስ ቆይታ፣ «እማማ አሉ አይደል? እግራቸው ሥር ወድቄ እንደገና አስጀምራቸዋለሁ» ብላ ተነሣች።

በሩን የከፈተችላት የእማማ የእህት ልጅ ዓይኗ ቀልቷል። ከትናንት ወዲያ ስትሮክ መቷቸዋል። ነፍሳቸው አለች፤ አፋቸው ግን ተይዟል፤ ሐኪሙም ተስፋ አልሰጠም።

እማማ መትረየስን ሲያዩ ዓይናቸው በራ። ደህና የቀረውን እጃቸውን አነሡና ጣቶቻቸውን ብርድ ልብሱ ላይ ጠቅ ጠቅ አደረጉ፤ የጽሕፈት ምልክት ነው። ቅንድባቸውን ቀና አድርገው ጠበቁ። መጠየቃቸው ነው።

«አልቋል፣ እማማ። ሁሉም ታትሟል፣ ታሽጓል» አለች።

ከየት አምጥታ እንዳለችው እሷም አታውቀውም። እማማ በግማሽ ፊታቸው ፈገግ ብለው ዓይናቸውን ከደኑ። መትረየስ ውጭ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ራሷን ጠላች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የመጀመሪያው ልጅ መጣ። ልጅ ይባል እንጂ አርባውን ያለፈ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ በር ላይ ቆመ።

«እማማ አዋላጅ የእናቴን ነገር ካንቺ እንድወስድ ልከውብኝ ነበር» አለ።

አስቀምጣው ሁሉንም ነገረችው፤ ራሟንም፣ ሴቩንም፣ ፍላሿንም። ይጮህብኛል፣ ይሰድበኛል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ሳያቋርጣት ሰማት።

«ታዲያ አንቺ አይደለሽ የጻፍሽው?» አለ በመጨረሻ። «በቃልሽ ንገሪኛ። እናቴ ምን አለች?»

ይህን ጥያቄ አላሰበችውም ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቃል በጆሮዋ ገብቶ በጣቷ ሲወጣ ነው የኖረው፤ መሐል ላይ አያርፍም። ፈጣን ጸሐፊ የሚያደርጋትም ይኸው ነበር። አርባ አንድ እናቶች አጠገቧ አልቅሰው ሄደዋል፤ እሷ ዘንድ የቀረው የተደበላለቀ የልቅሶ ድምፅ ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተርፋታለች። እሷን ስትጽፍ ኮምፒውተሩ ሦስቴ ስለጠፋባት አራት ጊዜ ደግማ ጽፋታለች።

«አንዷ እናት፣ ‹በቀኝ ጎኑ ካላስተኛችሁት አይተኛም› ብላለች» አለችው። «የማን እናት እንደሆነች ግን አላውቅም። በዚያ ሰሞን የጻፍኳቸው ወንዶች ብዙ ናቸው። የሌላው ልትሆን ትችላለች።»

ሹፌሩ ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ።

«እኔም የምተኛው በቀኝ ጎኔ ነው» አለ።

ሰው ሁሉ በአንዱ ጎኑ ይተኛል ልትለው ነበር፤ አንጀቷ አልቻለም።

«በወረቀት አድርጊልኝ» አለ። ጽፋ አተመችለት። ሰፊ ነጭ ወረቀት፣ መሐሉ ላይ አንዲት መስመር። አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው፤ በላዩ ላይ እጁን አድርጎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው መጣ። ጢሙን ተላጭቷል፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል አንገቱን ደፍቶ፣ «ከእማማ አዋላጅ ነው የተላኩት፤ የእናቴን...» ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ።

መትረየስ ወንበር ሳበችለት። እጇን ቁልፎቹ ላይ አድርጋ ቆየች። ያለቻት ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ እሷንም ጠዋት ለሹፌሩ ሰጥታታለች።