የማንም እጅ የሌለበት ጣሪያ

አባቴ «አልቻልኩም» የሚለውን ቃል ከአፉ ያወጣው በዕድሜው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን እኔ እናቴ ሆድ ውስጥ ነበርኩ፤ ስለዚህ የማወራው ከእናቴ ከምንትዋብ የሰማሁትን ነው። እሱ ራሱ ነገሩ ሲነሣ ወይ ከብት ሊያይ ብድግ ይላል፣ ወይ ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ዝናብ ያወራል።

አገኘሁ ይባላል፤ የላስታ ሰው ነው። እናትና አባቱን በአንድ ክረምት በሽታ አጥቶ ከነጋዴዎች ኋላ ኋላ እያለ መቀሌ ገባ። እዚያ ያሳደጉት ግንበኞች ናቸው። ድንጋይ መጥረብ፣ ማእዘን ማውጣት፣ ቱንቢ ጥሎ ግድግዳ ማቃናት ከእነሱ ተማረ። ጣሊያን ገብቶ ከተማዋን በግንባታ ሲያምሳት ሥራ ሞላ፣ የአባቴም ስም ወጣ። እሱ ያስቀመጠውን ድንጋይ ሌላ ሰው ነካክቶ ካገኘው ግድግዳውን አፍርሶ እንደገና ይጀምረው ነበር ይባላል። ኩሩ ነበር። ለእኔም ትንሽ ሳይተርፈኝ አልቀረም፤ ባሌ ይህን ሲሰማ «ትንሽ?» ይላል።

እናቴ ደግሞ ዳቦ ጋግራ የምትሸጥ አክስቷን ተከትላ ከየጁ የመጣች ናት። ተጋብተው ገበያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራዩ። ሁለት ልጆች ወለዱ፣ ሁለቱንም ቀበሩ። ሁለተኛው የሞተ ዕለት የክፍሏ አከራይ ወይዘሮ ሸዋወርቅ ለቅሶ ግቢዬ ውስጥ አይሁን፣ ለልጆቼ ሟርት ነው አሉ። እናቴ ከአጥሩ ውጪ፣ አህያ በሚነዳበት መንገድ ዳር፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣ አለቀሰች። የሚያልፈው ሰው ለማኝ መስላው ሳንቲም ሊጥልላት ቆም ይል ነበር። እኔ ይህን ሴትዮ አላየኋቸውም፤ ነፍሳቸውን ይማር ለማለት ግን እስከ ዛሬ አፌ አይታዘዝልኝም።

ያን ቀን ማምሻውን እናቴ ለአባቴ እንዲህ አለችው፦ «ሦስተኛውን በሰው ቤት አልወልድም። ቢሞትብኝም በራሴ ደጅ አለቅስለታለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባቴ ልብ ከከተማው ወጣ።

ጣሊያን ከአገር ሲወጣ ሥራውም አብሮት ወጣ። የተጀመሩ ቤቶች በየቦታው ጣሪያ አልባ ሆነው ቀሩ። በዚህ መሀል ነው አቦይ ወልደጊዮርጊስ የመጡት። የማይ ዳዕሮ ሰው ናቸው፤ ከመቀሌ ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ መንደር ነው። ለግንበኞች የጭቃ ጭድ በአህያ እያመጡ ይሸጡ ስለነበር ከአባቴ ጋር የቆየ ትውውቅ ነበራቸው። ችግሩን ሲነግራቸው አዘኑለት። እኛ ዘንድ መሬት የሚሰጠው ለተወላጅ ብቻ አይደለም፣ አብሮን ለሚኖርም ነው አሉት። ና፣ ቤት ሥራ፣ ግንቦት ላይ ሽማግሌዎች መሬት ሲደለድሉ ድርሻህን ትወስዳለህ።

አንድ ነገር ግን አልነገሩትም። ሊደብቁት ፈልገው አይደለም፤ የሚነገር ነገር ሆኖ ስላልታያቸው ነው። ሰው እንጀራ በእጅ ይበላል ብሎ ማን ይናገራል?

ጥር ላይ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። የእናቴ ሆድ ገፋ ማለት ጀምሮ ነበር። የያዙት ብዙ አይደለም፤ የአባቴ መዶሻና መሮ፣ ከፈረሰ ግንባታ የለቀመው የጣሪያ እንጨት፣ ትንሽ እህል። ከእህሉ ውስጥ አንዲት ማሰሮ ገብስ ነበረች፤ እናቴ የአራስነቷ ገንፎ እንድትሆን ብላ አፏን በጭቃ አሽጋ ያስቀመጠቻት።

ለቤት የሚሆን ቦታ ተሰጣቸው። አባቴ መሠረት ሊቆፍር በተነሣበት ማለዳ ቀና ሲል የመንደሩ ሰው መጥቶ ቆሟል። ወንዶቹ ዶማና ቅርጫት፣ ሴቶቹ በእንስራ ውኃ ይዘዋል። ማንም አልጠራቸውም። በዚያ አገር ቤት የሚሠራው በወፈራ ነው፤ እኛ ደቦ እንደምንለው። ባለቤቱ ደግሞ ስዋቸውን ጠምቆ፣ እህል አቅርቦ ያስተናግዳል።

አባቴ እስከዚያው ወደተጠለሉባት ጎጆ ዞር ብሎ አየ። ለዚያ ሁሉ ሰው የሚበቃ የሚጠጣም የሚበላም አልነበረም። ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ የከተማ ሰው ትሕትናውን አወጣና እጅ ነሥቶ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እናንተን አላደክምም፣ ሥራዬ ስለሆነ ብቻዬን እችለዋለሁ አላቸው።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ይቅናህ» አሉና ተመለሱ። የአቦይ ወልደጊዮርጊስ ባለቤት አደይ ለተብርሃን ለጭቃው ያመጡትን ውኃ እንኳ ሳያፈሱ እንደተሸከሙት ይዘውት ሄዱ። እናቴ ያን ውኃ እስኪሰወርባት ድረስ በዐይኗ ተከተለችው። አባቴ ግን ያከበራቸው መስሎት ነበር፤ ፉጨቱን እያሰማ መቆፈር ጀመረ።

ብቻውን ሠራው። እናቴ ጭቃ ትረግጣለች፣ ድንጋይ ታቀብላለች፣ ወገቧን ይዛ ትቀመጣለች፣ ደግሞ ትነሣለች። የቤቱ ግድግዳ እንደ ተሳለ መስመር ቀጥ ብሎ ወጣ። የዚያ አገር ቤት ጣሪያው ሣር አይደለም፤ ወፋፍራም እንጨት ይጋደምና ጭራሮ ይረበረብበታል፣ ስስ ድንጋይ ይነጠፍበታል፣ ከላይ አፈር ይለብሳል። አባቴ ያን ሁሉ አፈር በቅርጫት እየተሸከመ ራሱ አለበሰው፤ ውኃው ወዴት እንደሚወርድ እንኳ በቱንቢና በገመድ ለክቶ ነበር። ሲጨርስ በመንደሩ ያን የመሰለ ቤት አልነበረም።

እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ የገባ ግን የለም። ሰው አልጠላቸውም። እናቴ እሳት ልትጭር ስትሄድ እሳት ይሰጧታል፣ መንገድ ላይ «ከመይ ሓዲርኪ»፣ እንዴት አደርሽ ይሏታል፣ ጤንነቷን ይጠይቋታል። ነገር ግን የሚያናግሯት እንደ መንገደኛ ነበር፤ ነገ ተነሥቶ እንደሚሄድ ሰው። በደል ቢኖር ኖሮ ይቅርታ ይጠየቅበት ነበር። ያልተሠራን በደል ምን ብለው ይክሱታል?

ግንቦት ልደታ ዕለት መንደሩ ከትልቁ ሾላ ሥር ተሰበሰበ። የመንደሩ ጭቃ ሹም የአባቴን ስም ጠራ። ከዚያ ለአዲስ ገቢ ሁሉ የሚጠየቀውን ጠየቀ፤ ጣሪያው ላይ አፈር የተሸከመ ይነሣ አለ።

የተነሣ የለም። አቦይ ወልደጊዮርጊስ መሬት መሬት ያያሉ። ሊዋሹለት አይችሉም፤ የሚወዱት ሰው ቢሆንም አንድ እፍኝ አፈር አልተሸከሙለትም። ጭቃ ሹሙ ቁጣ አልነበረበትም፤ በዝግታ ነው የተናገረው።

«ቤቱ ያምራል። የማን ጎረቤት እንደሆነ ግን አናውቅም፤ የማናችንም እጅ የለበትም። በሚቀጥለው ድልድል እናያለን።»

የሚቀጥለው ድልድል ዓመታት ይቀሩታል። መሬት የሌለው ሰው እዚያ ምን ይበላል? አባቴ ደም ሥሩ ተገታትሮ ቤቱ ገባ። ጥሩ ቤት መሥራት ወንጀል ሆነብኝ አለ። እየረገመ መዶሻውንና መሮውን በጨርቅ መጠቅለል ጀመረ። መቀሌ እንመለሳለን አለ፤ ያቺው ክፍል ባትገኝ ሌላ ክፍል አይጠፋም።

እናቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ አልተነሣችም። አመሻሹ ላይ አደይ ለተብርሃን መጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ ውስጥ የገባ የመንደሩ ሰው እሳቸው ናቸው። ግድግዳውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና እናቴ አጠገብ ቁጭ አሉ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ያን ጊዜ ስትመልሱን የማትፈልጉን መሰለን» አሏት። «የማይፈልግህን ሰው ጎረቤቴ ነው አትልም። ሞት አለ፣ ሕመም አለ። ሰው የሚጣራው የሚፈልገውን ነው።»

ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ መሬቱ የሚለካበት ገመድ የሚወጣው ከሰንበት በኋላ ሰኞ ነው፣ እስከዚያ ነገሩ አልተዘጋም አሉ።

እናቴ አባቴን ጠራችው። «አፍርሰው» አለችው።

ምኑን እንደሆነ አልገባውም።

«ጣሪያውን። እነሱ ያልብሱት።»

አባቴ አበደች መሰለው። ያን የመሰለ ሥራ በገዛ እጄ ልናድ? ለዚያውም መዶሻ ጨብጦ ለማያውቅ ሰው ልስጠው? ተቆጣ፣ ወጣ፣ ተመልሶ ገባ። እናቴ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ያኔ የሸኘሃቸው ስለቻልክ አይደለም። የምናበላቸው አጥተን አፍረህ ነው። እኔ አውቀዋለሁ። አንተ ካልነገርካቸው እነሱ ከየት ያውቁታል?» ደግሞም ጨመረች፦ «እኔ ወደዚያ መንገድ ዳር አልመለስም፣ አገኘሁ።»

በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ ግድግዳውን ሲዞር ዋለ። አርብ ማለዳ ግን ዶማውን ይዞ ጣሪያው ላይ ወጣ።

ገብሱንና ጤፉን እንጂ እንጨትን እንደ ልብ በማያገኙበት በዚያ አገር፣ መንደር ለቆ የሚሄድ ሰው ጣሪያውን አፍርሶ እንጨቱን ይዞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አቧራው ሲነሣ ያየ ሁሉ አገኘሁ መሄዱ ነው አለ። ሊሰናበቱት መጡ። አደይ ለተብርሃን የመንገድ ስንቅ እንዲሆን ሕምባሻ ጋግረው በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋል። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶ አፈሩን መናድ ቀጠለ። የለካው የውኃ መውረጃ ተናደ፣ በቱንቢ ያቃናው ጠርዝ ተናደ።

አቦይ ወልደጊዮርጊስ ወደ ግድግዳው ጠጋ አሉ። «ትሄዳለህ፣ ወደይ፣ ልጄ?»

አባቴ ቀና አለ። ጸጉሩም ጢሙም አፈር ብቻ ሆኗል። ቁልቁል ሕዝቡን አየ፣ እናቴን አየ፣ ከንፈሩን ላሰ። እናቴ አዎ እሄዳለሁ ይላል ብላ ፈራች።

«አልሄድም፣ አቦይ» አለ። «ይህን ጣሪያ ብቻዬን አልቻልኩም። ያኔም አልቻልኩም ነበር። የማበላችሁ ስላልነበረኝ አፍሬ ነው የመለስኳችሁ። ዛሬም የለኝም።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ አስቀመጡ። ክንዳቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «ዶማዋን ወዲህ በላት» አሉት።

እናቴ ያን ጊዜ ገባችና የማሰሮዋን ጭቃ በድንጋይ ሰበረች። የአራስነቷን ገብስ እስከ መጨረሻው ቆላችው። በሰፌድ ይዛ ስትወጣ አደይ ለተብርሃን ሆዷንም ሰፌዱንም አዩ። ወሯ በገባ ሴት ቤት ገብስ ለምን እንደሚቀመጥ ለእሳቸው የሚነግራቸው አያስፈልግም። እፍኝ ዘግነው አንዲት ፍሬ ሳያስቀሩ በሏት፤ ሕምባሻውንም ፈትተው ከቆሎው ጎን አስቀመጡት።

ጣሪያው እስከ ማታ ለበሰ። ሥራውማ ምኑ ይወራል! አንዱ ያለ መጠን ይከምራል፣ ሌላው ስስ አድርጎ ይበትናል። አቦይ ወልደጊዮርጊስ የያዟት ማእዘን ደግሞ ውኃውን ወደ ውጪ ሳይሆን ወደ ውስጥ የምትመልስ ሆነች። አባቴ አያት፤ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። ሰኞ ጭቃ ሹሙ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቅ መንደሩ በሙሉ ተነሣ። ከሁሉ ቀድሞ የተነሣው ራሱ ጭቃ ሹሙ ነበር፤ አፈር ተሸክሟላ።

ሰኔ ላይ፣ የመጀመሪያው ዶፍ በወረደበት ቀን እኔ ተወለድኩ። ሴቶቹ ከየቤታቸው የገብስ ዱቄት ይዘው መጡ፤ እናቴ እንደዚያ ጊዜ ገንፎ በልቼ አላውቅም ትል ነበር። ያቺ ማእዘን በአልጋዋ ላይ ጠብ ጠብ ማለት ስትጀምር አልጋውን ገፋ አደረጉና ከሥሯ እንስራ አስቀመጡ። የኔአለም ተባልኩ። አልሞትኩም። ከእኔ በኋላም ወንድሞቼ ተወለዱ፣ አልሞቱም።

አባቴ በኋላ የመንደሩን ግማሽ ቤት ጠግኗል፣ በወፈራ፣ ከሰው ጋር። የእኛን ማእዘን ግን ሳይነካት ኖረ። ክረምት በመጣ ቁጥር እንስራዋ ከሥሯ ትቀመጣለች፤ እኛም የምትንጠባጠበውን እየሰማን እንተኛለን። እንግዳ የሆነ ሰው ግንበኛ ቤት ጣሪያ ያፈሳል ብሎ ሲስቅ አባቴ አብሮ ይስቃል።

አቦይ ወልደጊዮርጊስ አርጅተው አረፉ። አባቴ ከቀባሪዎቹ ፊት ቆሞ እንደ ልጅ አለቀሰ። በዓመቱ፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ እናቴ አሁንስ ያቺን ማእዘን ድፈናት፣ የሚከፋው ሰው የለም አለችው። አባቴ አፈርና ውኃ ይዞ ጣሪያው ላይ ወጣ። ብዙ ቆየ። እኔ እንስራዋን ከቦታዋ አንሥቼ ከታች ሆኜ ስጠብቀው አንድም የዶማ ድምፅ አልሰማሁም።

ሲወርድ እጁ ንጹሕ ነበር፤ ዐይኑ ግን ቀልቷል።

«የኔአለም» አለኝ፣ «እንስራዋን ወደ ቦታዋ መልሻት።»

መለስኳት።