ጩኸት የሚሸፍን ፒያኖ

ዛሬ መሃል ከተማ ከአንድ ካፌ የፒያኖ ድምፅ ስሰማ አክስቴ ትዝ አለችኝ።

ልጅ ሳለሁ መናኸሪያ አካባቢ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት የድሮ የእንግሊዞች ፊልም በቪዲዮ እናያለን። በትልቁ የገጠር ቤት እንግዶች ፒያኖ እየተመታ ይጨፍራሉ፤ ፎቅ ላይ ጌትየው ሲገደል ጩኸቱን የሰማ የለም።

አክስቴ ብድግ ብላ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

“ኧረ አክስቴ፣ ገዳዩን ሳናውቀው!” አልኩ።

“ሙዚቃውን ያስጮኸው ነዋ!” አለች። “እኛም ጋ ሬዲዮ ያስጮኹ ነበር።”

እናቴ እጇን ያዘቻት።

ነገሩን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በደርግ ጊዜ አክስቴና ባሏ አብረው ታስረው ነበር። እሱን ሲገርፉት ሬዲዮ ይከፍታሉ፤ እሷ ከጎን ክፍል ሆና ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ከዘፈኑ ሥር ድምፁን ትፈልጋለች። አንድ ቀን ዘፈኑን ብቻ ሰማች።

አሁን አርጅታለች፤ ቤቷ ግን እስከ ዛሬ ሬዲዮ አይከፈትም።