ከጓንዡ አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ነው?

አውሮፕላን ዓለምን አጠበበ ይባላል። አላጠበበም። ርቀቱ እንዳለ ነው፤ የጠበበው እንደ እኔ ያለው፣ ካርታ ባየ ቁጥር የተጓዘ የሚመስለው ሰው ማስተዋል ነው።

እኛ ብሎክ ግራውንድ ላይ ይኖሩ የነበሩ እናት አረፉ። ወንድ ልጃቸው ለሱቁ ጨርቅ ሊገዛ ቻይና፣ ጓንዡ ሄዶ ነበር። እንደ ወጉ “እናትህ ታመዋል፣ ቶሎ ና” ተባለ እንጂ መሞታቸው አልተነገረውም። የታሰበው ቦሌ ተቀብለውት፣ ሳሪስ አቦ አጎቱ ቤት አሳድረውት፣ ሲነጋ ዘመድ ተሰብስቦ ሊያረዳው ነበር። ድንኳኑ የተተከለው እዚሁ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ብሎኩ ፊት ለፊት ስለሆነ ልጁ ሳይረዳ ወደ ሰፈር ድርሽ እንዳይል ሁሉም ፈርቷል።

ከሰዓት በኋላ ለእህቱ ደወለ። ሌሊት ስድስት ተኩል ላይ እንደሚነሳ ነገራትና መቼ እንደሚገባ ሳይናገር መስመሩ ተቋረጠ።

ሳሪስ ገበያ ሱቅ ያላቸው አጎቱ፣ ሳይነጋ ቦሌ ሄደን እንቁም፣ ብንጠብቅ ምን ይጎድልብናል አሉ። እኔ ሳቅሁ፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ። ርቀቱ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን፣ አውሮፕላን በሰዓት ዘጠኝ መቶ ገደማ እንደሚበር፣ ወደ ምዕራብ ሲመጣ ነፋስ እንደሚይዘው ለለቀስተኛው አስረዳሁ። በጠቅላላው አሥር ሰዓት። ስድስት ተኩል ላይ ሲደመር፣ ጠዋት አራት ተኩል። እህቱ ስልኬ ላይ ልየው ብትል፣ ስልክ የሚያየው መደመር ያቃተው ነው አልኳት።

አጎቱም “እሱ ያነበበ ሰው ነው” ብለው ተቀመጡ።

መደመሩ ልክ ነበር። የዘነጋሁት የጓንዡ ስድስት ተኩል የኛ ስድስት ተኩል አለመሆኑን ነው። እዚያ ሰዓቱ ከኛ በአምስት ይቀድማል።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት አለፍ ሲል ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበር። ታክሲ መጣና ልጁ ወረደ። ቦሌ ላይ የሚቀበለው ቢያጣ ብቻውን መጥቷል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ድንኳን የማንም ሊሆን ይችላል፤ ሻንጣውን እየጎተተ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ።

“ነፍስ ይማር፣ ጋሼ። ማን አርፎ ነው?”

እኔም ሰዓቴን አየሁ።

“አንተ የምትገባው አራት ተኩል ነበር እኮ” አልኩት።

ዓይኔ እያየ ገባው። ጎረቤት የእሱን መግቢያ ሰዓት በምን ያውቃል? ሻንጣውን ለቀቀና እዚያው ኮብልስቶኑ ላይ ተቀመጠ። አጎቱ ከድንኳኑ ሮጠው ወጥተው አቀፉት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ እያለሁ አጎቱ፣ “ሰዓቱን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ፤ እርጅና ነው” አሉት። እኔ ሻንጣውን አነሳሁ።

ልጁ ዛሬም ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ፣ በዚያ ቀን ከአጠገቤ አልተለዩም ብሎ ያመሰግነኛል። አጎቱን ግን፣ የእናቴን መርዶ ከድንኳን አስነበቡኝ ብሎ ተቀይሟቸዋል፤ በዓል ሲሆን እንኳ ሳሪስ አይሄድም። ሽማግሌው እስካሁን አላጋለጡኝም። ልነግረው እያልኩ እወጣና ስለ ውሃ መጥፋት አውርቼ እመለሳለሁ።

ገላን የምትኖሩ ከሆነና ልጁን ካወቃችሁት፣ እኔ መሆኔን ንገሩልኝ።