ኦቦ ተርፋሳ በስህተት የሰሙት ቃል

ከጉቴ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው የሰማሁት። «እኚያ ሽማግሌ ጋዜጠኛ አረፉ አሉ።»

ውሸት ነው አልኩ። ትናንት እኮ በር ላይ ቆመው ሳል ይዞኛል ሲሉኝ ዝንጅብል ልላክልዎት ብያቸዋለሁ። ደወልኩ። ልጃቸው ስልኩን አነሳችና «እውነት ነው» አለችኝ። እስካሁን አላመንኩም።

ለማታውቋቸው፦ ኦቦ ተርፋሳ የሲሬ ልጅ ናቸው። በጃንሆይ ዘመን የመንግሥት ጋዜጣ ሰሜን ጦር ሜዳ የላካቸው ዘጋቢ ነበሩ። እኔ ነቀምቴ ግቢያቸው ውስጥ ተከራይቼ ዓመታት ኖሬያለሁ።

እውነቱን ልናገርና ከእሳቸው ጋር ማውራት ያደክም ነበር። ምንም ብትሏቸው ያስደግሟችኋል። «ድገሚልኝ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በደንብ ልስማሽ።» ጆሯቸው ግን ደህና ነው! ሽንኩርት ተወደደ ስላቸው እንኳ ሁለቴ ያስብሉኝ ነበር። እንስቅባቸው ነበር።

አንድ ቀን ዝናብ በረንዳ ላይ ይዞን ምክንያቱን ነገሩኝ።

ያኔ ጦር ሜዳ ሳሉ የመንግሥት ወታደሮች ያቃጠሉት አንድ መንደር ደረሱ። አመዱ ገና ይሞቃል። አንዲት እናት መሬት ላይ ተቀምጣ «ወደይ፣ ወደይ» ትላለች። እቤት ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ የተማሩ ሰው ትግርኛ ከየት ይምጣላቸው? «ወዴት ልሂድ» የምትል መሰላቸው። ወደ ከተማ የሚወስደውን መንገድ በእጃቸው አሳዩዋት። «በዚያ ነው፣ እናቴ፣ በዚያ» አሏት።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻቸውና ዝም አለች።

መኪና ውስጥ ሾፌሩ ነው የነገራቸው። «ልጄን፣ ልጄን» ነበር የምትለው። አጠገቧ በነጠላ የተሸፈነው ልጇ ነበር።

ያዩትን ጻፉ። ጋዜጣው ላይ የወጣው ግን «ወንበዴዎች ተደመሰሱ» የሚል ነው፣ ከሥሩ የእሳቸው ስም።

«ልቅሶዋን እንኳ ነጠቅኋት» ይሉኝ ነበር። እርስዎ ምን ያድርጉ እያልኩ ላጽናናቸው ሞክሬያለሁ። አልተጽናኑም። እባካችሁ «ሰላም አገኙ» ብላችሁ አስተያየት እንዳትጽፉልኝ። ሰላም አላገኙም።

ኦቦ ተርፋሳ፣ ያንን ልጅ በዓይኔ አየሁት የሚል ሰው ከእርስዎ ሌላ አላውቅም። አሁን እኔ ባወራው ሰዎች «አንቺ የት አየሽ?» ይሉኛል። ምን ብዬ እመልሳለሁ?

ይሂዱ እንግዲህ፣ አባቴ። ነገ እርስዎን ስንቀብር ያ ልጅም አብሮዎት ይቀበራል።