የጎረቤቴ ማሽንና ከታሂቲ የመጣው ምልክት

ሬዲዮ የማዳምጠው ከሰው ለማረፍ ነው። ማሰራጨት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃድ ደግሞ ከቢሮ ቢሮ መዞር ይጠይቃል። እኔ ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ ከተማሪ ጋር ስጨቃጨቅ ውዬ ማታ ሌላ የማናግረው ሰው አያምረኝም። ስለዚህ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም።

መስማት ስልም በጆሮ አይደለም። በዓለም ዙሪያ ያሉ አማተሮች፣ ሬዲዮን ለፍቅሩ ብቻ የሚነካኩ ሰዎች፣ ከእጅ ባትሪ አምፑል ባነሰ ኃይል አጭር መልእክት ይልካሉ፤ መለያቸውን፣ ያሉበትን ቦታና የኃይላቸውን መጠን። ሰላምታ እንኳን የለበትም። ያቺ መልእክት ተልካ እስክታልቅ ሁለት ደቂቃ ገደማ ትፈጃለች። ጆሮ ጭው ከሚለው ድምፅ በቀር ምንም አይለይም፤ ኮምፒውተሩ ግን የሁለቱን ደቂቃ ጫጫታ አጠራቅሞ በወንፊት እንደመንፋት ያደርግና አንዲት መስመር ያወጣል። አንድ ተማሪ ይህን ሳስረዳው "ታዲያ ምን ይጠቅማል፣ ቲቸር?" ብሎኛል። "ምንም" አልኩት።

ቤቴ ቂርቆስ ነው፣ ወደ ካዛንቺስ በሚያወጣው በኩል፣ አራት አባወራ አንድ ግቢ የሚጋራበት የጭቃ ቤት። አንቴናዬ ከቆርቆሮው ጫፍ እስከ አጥሩ ምሰሶ የተዘረጋ ሽቦ ነው። የጎረቤቴ ባለቤት መጀመሪያ ሰሞን ብርድ ልብስ አስጥተውበት አግኝቼ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ስንት ዓመት አሰብ ሲመላለሱ ኖረው በመጨረሻ ሳንባቸው ዳገት አልወጣ አላቸው። የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ሐኪም ስላዘዘ ልጆቻቸው ተረባርበው የኦክስጅን ማሽን አመጡላቸው። ማሽኑ ከአየሩ ኦክስጅን እየለየ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫቸው ይልካል፤ ቀንም ሌሊትም እንዳይቋረጥ ተብሏል።

ማሽኑ በገባ በመጀመሪያው ማታ ኮምፒውተሬ ላይ ጣት የሚያህል ቢጫ መስመር ተጋደመ፤ ያውም እኔ የማዳምጥበት ሞገድ ላይ፤ ጫጫታ ስክሪኑ ላይ በቀለም ነው የሚታየው፣ ደካማ ምልክትንም ይውጣል። የሰፈሩ ጫጫታ ለእኔ አዲስ አይደለም። የአንዱ ቻርጀር፣ የሌላው ፍሪጅ ሁሌም አለ። መብራት ሲጠፋ ሰው ሲያማርር እኔ በባትሪ እያዳመጥኩ ደስ የሚለኝም ለዚህ ነው፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። መብራት ሲጠፋ እሳቸው ለዚያ ጊዜ ብቻ ወደምትቆጠበው የኦክስጅን ሲሊንደር ይዛወራሉ፤ መስመሯም ትጠፋለች፤ መብራት ተመልሶ ማሽኑ በግድግዳው በኩል ሲነሳ አብራ ትመለሳለች። ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ ያወቅሁት በዚህ ነው።

አንድ እሁድ ልጠይቃቸው ገባሁ። ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት "በዚህ ሳምንትስ ከየት ሰማህ?" አሉኝ። አገሩን ስነግራቸው በመንገድ ነበር የሚለኩት፤ አሰብ ስንት ጊዜ ደርሶ መልስ እንደሚሆን ያሰላሉ።

"የእርስዎ ማሽን መቼ ያሰማኛል" አልኳቸው ለቀልድ ያህል። "ልክ እኔ የማዳምጥበት ላይ ቁጭ ብሏል።"

ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። ሲበርድላቸው "ለመሆኑ በስንት ሰዓት ነው የምትሰማው?" አሉ።

"ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት። ፀሐይ ስትጠልቅ ሩቁ ይመጣል።"

ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ዞረ።

ከዚያ እሁድ በኋላ በሁለተኛው ቀን ቢጫዋ መስመር አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጠፋች፤ አንድ ሰዓት ላይ ተመለሰች። በማግስቱም እንደዚያው። እኔ ፊዚክስ ነው የማስተምረው፤ ነገር ሲደጋገም ምክንያቱን መጠየቅ ሥራዬ ነው። አልጠየቅሁም። እየተሻላቸው ነው፣ ሐኪም ዕረፍት ፈቅዶላቸው ይሆናል ብዬ ደመደምኩ፤ ይህ ነበር የሚመቸኝ። መምህራን ክፍል ውስጥ ሳይቀር "ጎረቤቴ ማሽኑን ማጥፋት ጀምረዋል" ብዬ አውርቼ "ተመስገን" ተብያለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። በነዚያ ሦስት ሳምንታት አንድ ቀን እንኳን ቤታቸው አልገባሁም፤ ማታ ማታ ጥሩ እየሰማሁ ነበር።

ከዚያ በሰላማዊ ውቅያኖስ መሃል ካለችው ደሴት፣ ከታሂቲ፣ ምልክት መጣ። አዲስ አበባን በረጅም መርፌ ቢወጓት መርፌው በወዲያ በኩል የሚወጣው እዚያ አካባቢ ነው። እዚህ ሲመሽ እዚያ ይነጋል፤ ምልክቱ የሚሾልከው በዚያች ጥቂት ደቂቃ ነው። በእጄ በገጣጠምኩት ሬዲዮ ለዓመታት ስጠብቀው ነበር፤ የመልእክቷ መስመር ስትወጣ ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ደስ አለኝ። የምነግረው ሰው ሳስብ ከጎረቤቴ በቀር ማንም አልመጣልኝም።

በራቸው ገርበብ ብሏል። ባለቤታቸው በዚያ ሰዓት ለሠርክ ጸሎት ቤተ ክርስቲያን ናቸው። እሳቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው፣ ትከሻቸው በየትንፋሹ ይነሳል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ቱቦው አፍንጫቸው ላይ ነው፤ የማሽኑ ሶኬት ግን ተነቅሎ መሬት ላይ ተቀምጧል። የእጅ ሰዓታቸውን አውልቀው ፍራሹ ላይ፣ ፊት ለፊታቸው አስቀምጠዋል። ሲያዩኝ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ደነገጡ።

"ጨረስክ እንዴ?" አሉ። በሁለቱ ቃላት መካከል ተነፈሱ። "ገና እኮ... ሃያ ደቂቃ አለህ።"

ሶኬቱን ሰካሁና መናገር እስኪችሉ ቆሜ ጠበቅሁ።

"ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ምን አለበት? የአንድ ሰዓት ጊዜ ብቻ ናት። መንገድ ዘግቶ መቆም ነውር ነው። ዳር ይዤ አሳለፍኩህ፣ በቃ።"

"ባለቤትዎ ያውቃሉ?"

"እንዳትነግራት።"

ይሉኝታ ሰው ሲያስርብ አይቻለሁ፤ ትንፋሽ ሲያስከለክል ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ልቆጣቸው ፈለግሁ፤ ማፈር የሚገባኝ እኔ ስለነበርኩ ቁጣው አልመጣልኝም። ከእንግዲህ አያጥፉት ብላቸው እሺ ብለው በማግስቱ እንደሚያጠፉት አውቃለሁ። ስለዚህ ዋሸሁ።

"ሬዲዮው ተበላሽቷል፤ ይህንኑ ልነግርዎ ነው የመጣሁት። ከእንግዲህ ማዳመጥ የለም።"

ፊታቸው ጠወለገ። "የእኔ ማሽን ነው ያበላሸው?"

"አይደለም። በራሱ ጊዜ ነው፣ አርጅቷል።"

ትክ ብለው አዩኝ። ዕድሜያቸውን ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ሲከራከሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ውሸት ያውቃሉ።

"እስቲ 'እርስዎ ይሙቱ' በለኝ" አሉ።

እዚህ አገር ከዚህ የቀለለ መሐላ የለም። ለታክሲ ወረፋም፣ ለአንድ ጉርሻም ሰው ይለዋል፤ እኔም ስለው ኖሬያለሁ። ያን ጊዜ ግን የከንፈራቸው መልክ ገና አልተመለሰም ነበር።

"እርስዎ ይሙቱ" አልኩ።

"እንግዲያስ ማሽኑ ይሥራ" አሉና ጋደም አሉ። የታሂቲን ነገር ሳልነግራቸው ወጣሁ።

ቤቴ ስገባ ሬዲዮው እንደተውኩት ይሠራል። መሐላ ሰው ይገድላል ብዬ አላምንም። ቢሆንም ያ ሬዲዮ ደኅና ሆኖ እንዲያድር አልፈለግሁም። ካቻቢቴ አንስቼ አራቱን ብሎን ፈታሁ። የአንቴናውን ሽቦ መበጠስ ይቀላል፤ ግን በማግስቱ ልቀጥለው እንደምችል አውቃለሁ። እሱን ትቼ፣ መርካቶም ቢዞሩ ምትክ የማይገኝለትን ክፍል ፈልጌ በፒንሳ ነቀልኩት።